ማሊያ የለበሰ ዳኛ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። እንግዳ የለም፣ የተዘጋጀ ጥያቄም የለም። ሰሞኑን ውስጤ ሲመላለስ የቆየ ነገር አለና እሱን ላውራችሁ። መነሻው ኳስ ነው። ከኳስ ወደ ፖለቲካ፣ ወደ ሙዚቃም፣ ወደ ጉዞም መግባቴ አይቀርም፣ እንደመጣልኝ ልሂድ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። መረጥኩት ለማለት ይከብደኛል፣ በልጅነቴ ያዘኝ ብል ይሻላል። በ2003/04 መድፈኞቹ ሊጉን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፉ ጨረሱ። 38 ጨዋታ፣ 26 ድል፣ 12 አቻ። ያን ቡድን ያየ ልጅ ወዴት ይሄዳል?

ከዚያ በኋላ የመጣውን ደግሞ ታውቃላችሁ። 2006፣ ፓሪስ፣ የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ከባርሴሎና ጋር። ግብ ጠባቂያችን ሌማን በ18ኛው ደቂቃ በቀይ ወጣ። በ10 ሰው ሆነን ሶል ካምቤል በጭንቅላት አገባ። እስከ 76ኛው ደቂቃ ድረስ መርተናል! ከዚያ ኤቶ አስቆጠረ። ከአራት ደቂቃ በኋላ ቤሌቲ ደገመው። 2 ለ 1 ተሸነፍን። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በ2011 ኦልድ ትራፎርድ ላይ 8 ለ 2 ተሸነፍን። በ2022/23 ሊጉን 248 ቀን መርተን ዋንጫውን ማንቸስተር ሲቲ ወሰደው። በቀጣዩ ዓመት 89 ነጥብ ሰብስበን በ2 ነጥብ ተበለጥን።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ቡድን ልቀይር ብዬ አስቤ አላውቅም። አንድም ቀን። ማንም ደጋፊ ይህን ይረዳል። ቡድንህ ስላሸነፈ አትወደውም፣ ስለተሸነፈም አትጠላውም። ማስረጃ አይጠየቅበትም። እንዲያውም በዓለም ላይ ያለ ማስረጃ መውደድ ከሚያምርባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ስታዲየም ይመስለኛል።

እኔን ያስጨነቀኝ ይህ ፍቅር ከስታዲየም ሲወጣ የሚሆነው ነው።

አንድ ጓደኛ አለኝ። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ነው። ያ 8 ለ 2 የተሸነፍንበት ቀን አብረን ነበርን፣ እና አንድ ቃል አልተናገረኝም። ተነስቶ ውሃ አመጣልኝ። እንደዚህ ዓይነት ሰው ነው። ከዚህ ሰው ጋር ከጥቂት ዓመታት በፊት በፖለቲካ ተጣላን። ጉዳዩን አልዘረዝረውም፣ ብዘረዝረው እናንተም ወዲያው ወገን መያዛችሁ አይቀርም። ብቻ ተጣላን። ድምፃችን ከፍ አለ። አንድ ሁለት መባል የሌለባቸው ቃላት ወጡ። ከዚያ ለወራት አልተደዋወልንም።

ያኔ ስለዚያ ክርክር ደጋግሜ አሰብኩ። አንድ ነገር ታየኝ። እኔ የተከራከርኩት ልክ ኳስ ላይ እንደምከራከረው ነበር። የእኛ ተጫዋች ሳጥን ውስጥ ሲወድቅ ፔናልቲ ነው። የእነሱ ሲወድቅ ማስመሰል ነው። የእኛ ግብ ኦፍሳይድ ከተባለ ዳኛው ተገዝቷል። የእነሱ ከሆነ መስመሩ በትክክል ተሰምሯል። ፖለቲካውም ላይ እንደዚያው ሆንኩ። እኔ የምደግፈው ወገን ያጠፋው ሁሉ በእኔ አፍ «ስህተት» ነበር። ያኛው ወገን ያጠፋው ሁሉ «ወንጀል» ነበር። ድርጊቱ ግን አንድ ዓይነት ነበር። አንድ ዓይነት!

ኳስ ላይ ይህ ምንም አይጎዳም። ለምን? ዳኛ አለ። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ የፈለግኩትን ብጮህ ፊሽካው ያለው ሌላ ሰው እጅ ላይ ነው። ወገንተኛ የመሆን መብቴ የሚመጣው ከዚያ ነው። ፖለቲካ ላይ ግን ዳኛው ማነው? እኔ ነኝ። አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ። ድምፅ የሚሰጠው፣ «ይህ ጥፋት ነው፣ ይህ ይበቃል» የሚለው ተራው ዜጋ ነው። እሱ ማሊያ ለብሶ ሜዳ ሲገባ ጨዋታው ያኔውኑ ተበላሽቷል። ፊሽካውን የሚነፋ የለም።

ይህ ሐሳብ የበለጠ የገባኝ ኢስታንቡል ሄጄ ነው። ሰው ወደ ኢስታንቡል ሲሄድ ጥንት ቤተ ክርስቲያን የነበረችውን ሃጊያ ሶፊያን ያያል፣ እኔም አየሁ። እሷ አጠገብ ያለውን አደባባይ ግን ብዙ ሰው ፎቶ አንስቶ ያልፈዋል። ሱልጣን አህመት አደባባይ ይባላል። ድሮ ሂፖድሮም ነበር፣ የሠረገላ ውድድር ሜዳ። መሐሉ ላይ ከግብፅ የመጣ ሐውልት አሁንም ቆሟል፣ ሠረገላዎቹ ይዞሩ የነበረው እሱን ነው። ከተማዋ ቁስጥንጥንያ በምትባልበት ዘመን የሠረገላ ቡድኖች ነበሩ። ትልልቆቹ ሰማያዊና አረንጓዴ። ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሎ ነበር የሚደግፈው። ደጋፊነቱ የሠረገላ ብቻ አልነበረም፣ ፖለቲካውም ሃይማኖታዊ ክርክሩም በቀለም ይሰለፍ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ዩስቲኒያኖስ ራሱ የሰማያዊው ደጋፊ ነበር።

በጥር 532 አንድ ግርግር ተነስቶ ከሁለቱም ወገን ሰዎች ስቅላት ተፈረደባቸው። መስቀያው ተሰብሮ ሁለት ሰዎች ተረፉ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ አረንጓዴ። ሕዝቡ ምሕረት ጠየቀ፣ ቤተ መንግሥቱ እንቢ አለ። በውድድሩ ቀን ጩኸቱ ተቀየረ። ሰማያዊም አረንጓዴም መባሉ ቀርቶ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ኒካ!» አለ። «አሸንፍ!» ማለት ነው። ከተማዋ ለቀናት ነደደች። የዚያን ዘመኗ ሃጊያ ሶፊያም ተቃጠለች። ዛሬ የምናያት ከዚያ በኋላ ተሠርታ በ537 ያለቀችው ናት። መጨረሻው አሰቃቂ ነው። የሰማያዊ መሪዎች በወርቅ ተደልለው ከሜዳው ወጡ፣ ከዚያ ወታደር ገባ። የዘመኑ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ የሟቾቹን ቁጥር 30 ሺህ ያደርሰዋል።

እዚያ አደባባይ አግዳሚ ላይ ረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ። ልጆች ኳስ ይጫወቱ ነበር። እኔን የነካኝ ያ የወርቁ ነገር ነው። ሰማያዊና አረንጓዴ ስንት ዘመን ሲጠላሉ ኖረው፣ በአንድ ቀን «ጥያቄያችን አንድ ነው» አሉ። ከዚያ አንድ ሰው መጥቶ ቀለማቸውን አስታወሳቸው። በቃ፣ ተለያዩ። እኔና ጓደኛዬንም ያለያየን ያው ቀለም ነው፣ ወርቅ እንኳን የሰጠን የለም።

እዚህ ላይ ግን ደጋፊነትን መክሰስ አልፈልግም። እውነተኛ ደጋፊ እንደሚባለው ዕውር አይደለም። ሚያዝያ 2021ን አስታውሱ። 12 ትልልቅ ክለቦች የራሳችንን ሱፐር ሊግ መሥርተናል አሉ። አርሰናልም አለበት። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ። መሥራቾቹ የቱንም ያህል ቢሸነፉ የማይወርዱበት ሊግ! የቼልሲ ደጋፊዎች ስታምፎርድ ብሪጅ ደጃፍ ወጥተው የራሳቸውን ክለብ አውቶቡስ መንገድ ዘጉ። የክለቡ የቀድሞ ግብ ጠባቂ ፔተር ቼክ ወጥቶ እስኪለምናቸው ድረስ። ልብ በሉ፣ የሌላውን ክለብ አይደለም የራሳቸውን ነው ያስቆሙት። እኛም የራሳችንን ባለቤቶች ተቃወምን። እርስ በርስ የማይዋደዱ ደጋፊዎች አንድ ቃል ተናገሩ። በሁለት ቀን ውስጥ ስድስቱም የእንግሊዝ ክለቦች ወጡ። ፖለቲካ ከኳስ መማር ያለበት ይህን ይመስለኛል። ክለቡን ትወዳለህ፣ ክለቡን የሚመራውን ደግሞ ትጠይቃለህ። ሁለቱ አይጋጩም።

«ኳስና ፖለቲካ አይገናኙም» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ግን «ኳስ ጦርነት ያቆማል» የሚለውም አይዋጥልኝም። አጥቂው ድሮግባ፣ አገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ላይ ሳለች፣ ጥቅምት 2005 ላይ ኮትዲቯር ሱዳንን 3 ለ 1 አሸንፋ ለዓለም ዋንጫ ስታልፍ፣ ከቡድኑ ጋር ካሜራ ፊት ተንበርክኮ መሣሪያችሁን አስቀምጡ ብሎ ለመነ። ያን ምስል ባየሁ ቁጥር እንባዬ ይመጣል። ሰላሙ ግን ብዙ ድርድርና ብዙ ሰው ጠይቋል። በ1969ም ኤልሳልቫዶርና ሆንዱራስ ሲዋጉ «የእግር ኳስ ጦርነት» ተባለ። ሥሩ የመሬትና የስደተኞች ጉዳይ ነበር፣ ጨዋታው ክብሪቱን ጫረው እንጂ እንጨቱን አልከመረውም። ኳስ ሰው እንዲሰማህ ዕድል ይሰጥሃል። ያ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም።

እሺ፣ ትንሽ እንቀይረው። መዝናኛ።

በዕረፍት ሰዓት የሚደረግ ኮንሰርት አልወድም። ሙዚቃ ጠልቼ አይደለም። እነዚያ 15 ደቂቃዎች የደጋፊው ናቸው። አጠገብህ ካለው ሰው ጋር «ለምን አልቀየረውም?» የምትባባልባቸው ደቂቃዎች ናቸው። በ2017 የጀርመን ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ሄለን ፊሸር የምትባል በጣም ታዋቂ ዘፋኝ በዕረፍት ሰዓት ስትዘፍን ስታዲየሙ በፉጨት ሞላ። ለእሷ አዘንኩላት፣ ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። የደጋፊውን ስሜት ግን ተረዳሁት።

ቫር ላይም፣ ዳኛውን በቪዲዮ የሚያግዘው አሠራር ላይ ማለቴ ነው፣ አንድ ቃል ልበል። ፍትሕ ይሻላል፣ በእሱ አልከራከርም። ግን ጎል ሲገባ ዘልዬ ሰው የማቅፍበትን ያችን ሰከንድ ወስዶብኛል። አሁን ጎል ሲገባ መጀመሪያ የማየው ዳኛውን ነው፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ እንደሆነ። ያችን ሰከንድ መልሱልኝ።

ስለ ጉዞ ደግሞ ምክር አለኝ። አዲስ ከተማ ስትሄዱ ጨዋታ እዩ፣ የሁለተኛ ዲቪዚዮንም ይሁን። ትኬቱ ይገኛል፣ ሰዉ ያናግራችኋል። ዶርትሙንድ ሄጄ ቢጫው ግድግዳ የሚሉትን አይቻለሁ። 25 ሺህ የሚጠጋ ሰው በአንድ ጎል ጀርባ ቆሞ ሲዘምር ድምፁን በደረትህ ነው የምትሰማው። ከዚያ የማይተናነስ ትዝታ ያለኝ ግን ካልገባሁበት ጨዋታ ነው። ከስታዲየም ውጭ ከማላውቀው ሰው ትኬት ገዛሁ፣ በሩ ላይ አይሠራም ተባልኩ። በጣም ተናደድኩ። ልሄድ ስል ከአጥሩ ሥር የቆሙ ሽማግሌ አየሁ። ሬዲዮ የላቸውም፣ ምንም የላቸውም። ድምፅ ብቻ ነው የሚያዳምጡት። አጠገባቸው ቆምኩ። ቋንቋ አንግባባም። ጩኸቱ ሲነሳ እጃቸውን ያነሳሉ፣ «ኡፍ» ሲል ራሳቸውን ይይዛሉ። አንድ ጎል ገባ። በጆሮዬ አየሁት ማለት እችላለሁ። አቀፉኝ። ቫር የለም፣ ምንም የለም።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ።

ግንቦት 2024፣ የሊጉ የመጨረሻ ቀን። እኛ ኤቨርተንን 2 ለ 1 አሸነፍን፣ ሲቲም ዌስትሃምን አሸነፈ፣ አለቀ። ስልኬን ዘግቼ ተኛሁ። ጠዋት ስከፍተው ከእሱ መልእክት አለ። ከወራት በኋላ የመጀመሪያው። «አይዞህ። ጥሩ ተጫውታችኋል» ይላል። ሌላ ነገር የለውም። ዩናይትድ የሚደግፍ ሰው ይህን ለመጻፍ ምን ያህል እንደሚከብደው ኳስ የምታዩ ታውቃላችሁ።

ደወልኩለት። ስለ ኳስ ብቻ አወራን። ለሳምንታትም ስለ ኳስ ብቻ። ከዚያ አንድ ቀን እሱ «ያኔ ግን ለምን እንደዚያ አልክ?» አለኝ። ፖለቲካውን ማለቱ ነው። መልስ ሳላዘጋጅ አዳመጥኩት። ከተከራከርንባቸው ነገሮች አንዱ ላይ እሱ ልክ ነበር፣ ነገርኩት። በሌሎቹ አሁንም አንስማማም። እኔ ልክ ነኝ ብዬ ነው የማምነው፣ እሱም እንደዚያው። ግን አሁን አንድ ነገር ለመጠየቅ ተስማምተናል። «ይህን ያደረገው ያኛው ወገን ቢሆን ምን ትል ነበር?» አንዳችን ስንጋጋል ሌላው ይህን ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ ዝም ያሰኛል።

የፊታችን ቅዳሜ አርሰናልና ዩናይትድ ይጫወታሉ። እሱ ቤት ነው የምናየው። እኔ ቀዩን በነጭ እጅጌ ለብሼ እሄዳለሁ፣ እሱም የራሱን ቀይ ይለብሳል። ለዘጠና ደቂቃ አንድም ፍትሐዊ ነገር አልናገርም። ውጤቱን በሚቀጥለው ክፍል እነግራችኋለሁ። በሰላም ቆዩኝ።