ሰሊጣችን ሄዶ የሚረጋው ዘይት መጣ

በጎንደር ከተማ ለሰሊጥ አምራቾች ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከመተማ፣ ከቋራና ከአርማጭሆ ተነሥታችሁ ዛሬ እዚህ ጎንደር የተሰበሰባችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

ስለ ሉላዊ ንግድ ጥቅምና ጉዳት እንድናገር ታዝዣለሁ። ጉዳዩ ለዚህች ከተማ እንግዳ አይደለም። አፄ ፋሲል በ17ኛው ክፍለ ዘመን መናገሻቸውን እዚህ ካቆሙ በኋላ፣ የጎንደር ነጋዴ በአንድ በኩል እስከ ምጽዋ፣ በሌላ በኩል በመተማ አድርጎ ሱዳን ውስጥ እስካለችው ስናር ይዘልቅ ነበር። ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይዞ ይወርዳል፤ ጨርቃ ጨርቅ ጭኖ ይመለሳል። ያ ንግድ ሰውንም እንደ ዕቃ ይሸጥ ስለነበር አላወድሰውም። ይሁን እንጂ ነጋዴው ሸቀጡን ራሱ አጅቦ ሄዶ፣ ከገዢው ጋር ፊት ለፊት ይከራከር ነበር። የእኛ ሰሊጥ ግን ብቻውን ነው የሚሄደው።

ጥቅሙን መካድ ነውር ነው። ቻይናና እስራኤል ሰሊጣችንን ባይገዙን ኖሮ በቆላው የስንቶቻችን የሣር ጎጆ በቆርቆሮ ይተካ ነበር? ልጆቻችንን ያስተማርነው በዚሁ ገንዘብ ነው። «የጎንደር ሰሊጥ» የሚለው ስያሜም ከሁመራው ጎን በውጭ ገበያ ይጠራል።

ነገር ግን አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በኅዳር ወር መጨረሻ ዐሥራ ሁለት ኩንታል ሰሊጥ ጭኜ መጣሁ። ሰሊጥ አጫጁ ከዘገየበት ቅርፊቱ ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ እንደሚረግፍ፣ ያን ለማዳንም ስንት ሌሊት ሜዳ ላይ እንደሚታደር ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ስሙን የማልጠራው ገዢ ከጆንያው በመዳፉ ዘገነ፤ እፍ አለበትና «የዓለም ገበያ ወርዷል» አለኝ። ለዚያ ሁሉ ድካም ያገኘሁት መልስ እነዚህ ሦስት ቃላት ነበሩ። ዓለምን የት አግኝቼ ልጠይቀው? በተባልኩት ዋጋ ሸጥኩ።

በዚያው ገንዘብ ከቅዳሜ ገበያ አምስት ሊትር ዘይት ገዝቼ አዘዞ እናቴ ቤት አደርኩ። ወቅቱ የነቢያት ጾም ነበር። ጠዋት እናቴ ለሽሮው ብላ ጀሪካኑን ብትደፋው ዘይቱ ረግቶ አድሮ አልወርድ አለ። ፀሐይ ላይ አስቀመጠችውና እስኪቀልጥ ስትጠብቅ ቆይታ፣ «ልጄ፣ ሰሊጥ የምትዘራው አንተ፤ ታዲያ ይህን የሚያበላን ማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጀሪካኑ ላይ ከማሌዥያ የመጣ የፓልም ዘይት መሆኑ ተጽፏል። እናቴ ኑግ ቆልታ፣ በሙቀጫ ወቅጣ ስንቱን ጾም ያሳለፈች ሴት ናት።

ወገኖቼ፣ የሰሊጥ ፍሬ በክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው! ከእያንዳንዱ ኩንታል ጋር ሃምሳ ኪሎ ያህል ዘይት ጭነን ልከን፣ ባገኘነው የውጭ ምንዛሪ የሌላ አገር ዘይት እንገዛለን። ፋጉሎውም፣ ማለትም የላሞቻችን መኖ፣ አብሮ ይሄዳል፤ መጭመቂያ ላይ ቆሞ እንጀራውን ሊያገኝ የሚችለው የልጆቻችን ሥራም አብሮ ይሄዳል። ይህ የድሃ አገር ዕጣ ነው የሚለን ካለ አንቀበለውም! በራችንን እንዝጋ አላልኩም፤ ፍሬውን እንዳለ አስረክበን መመለስ ይብቃን ነው የምለው!

ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ዶላር ለላኪው የሚያስገኘው ብር በዝቷል፤ ከውጭ የሚገባው ዘይት፣ ማዳበሪያና ናፍጣ የሚጠይቀው ብርም እንዲሁ በዝቷል። አገራችን በ1995 ዓ.ም. ስላመለከተችበት የዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት ሌላ ጊዜ በሰፊው እንነጋገራለን።

ዛሬ በሦስተኛ አጀንዳነት የተያዘው፣ ከማኅበሩ ትርፍ ተቀንሶ የዘይት መጭመቂያ እንዲገዛ የቀረበው ሐሳብ ነው። ባለፈው ዓመት ይኸው ሐሳብ ሲቀርብ «ገንዘቡ ይከፋፈል» ተብሎ ወድቋል፤ እኔም እጄን ያወጣሁት እንዲከፋፈል ነበር። ዛሬ የማወጣው ለመጭመቂያው ነው።

አመሰግናለሁ።