ሃድቫር ጥሩ ሰው ነው ወይስ ትዕዛዝ ፈጻሚ ብቻ?

ሰላም ሰላም፣ ዛሬ ስካይሪም የሚባለው ቪዲዮ ጌም መጀመሪያ ላይ ስለምታገኙት የኢምፓየር ወታደር፣ ስለ ሃድቫር ነው የምናወራው። ስካይሪም እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣ ጀምሮ ሰው በሱ ጉዳይ ሲነታረክ ነው የኖረው፣ እኔም የበኩሌን ልበል።

የመክፈቻውን ሲን ታስታውሱታላችሁ፣ ሄልገን የሚባል ከተማ ላይ ሊሰይፏችሁ እጃችሁ ታስሮ ከጋሪ ወርዳችኋል፣ ሃድቫር ሊስት ይዞ ስም ይጠራል፣ ሎኪር የሚባለው ፈረስ ሌባ ሮጦ ሊያመልጥ ሲል በቀስት ጣሉት። ከዛ ተራው የናንተ ነው፣ ወረቀቱን ያያል፣ የላችሁም። ለካፒቴኗ ይነግራታል፣ እሷ ደሞ ሊስቱን ተወውና ወደ መሰየፊያው ውሰድ ትለዋለች። እሱስ? እሺ! ካጂት (ድመት የሚመስሉት ዘሮች) ሆናችሁ ከጀመራችሁማ ይቅርታ ብሎ አስከሬናችሁን ወደ ሀገራችሁ ኤልስዌር እንልከዋለን ይላችኋል፣ አመሰግናለሁ ነው የሚባለው?

ብዙ ሰው "ምን ያድርግ፣ አለቃው ናት" ይላል። ልክ ነው፣ እምቢ ቢል ምናልባት እሱም አጠገባችሁ ይንበረከክ ነበር። እኔን የሚከነክነኝ ግን ይቅርታው ራሱ ነው። ካፒቴኗ ግድ የላትም፣ ማን እንደሆናችሁም ማወቅ አልፈለገችም፣ እሱ ግን ሊስቱ እጁ ላይ ነው፣ ልክ እንዳልሆነ ገብቶታል፣ ገብቶትም ቀስ በሉ እያለ ወደ ግንዱ ይሸኛችኋል። አልዱይን የሚባለው ድራጎን ባይመጣ አንገታችሁ አልቆለት ነበር እኮ፣ ሃድቫርን ከነፍስ ማጥፋት ያዳነው ድራጎኑ ነው።

ደሞ ይሄንንም እዩ። ድራጎኑ ከተማውን ሲያቃጥል ሃሚንግ የሚባለውን ልጅ ጠርቶ ከእሳቱ የሚያስወጣው እሱ ነው፣ እሱን ከተከተላችሁት ገመዳችሁን ይፈታል፣ ሪቨርዉድ አጎቱ ቤት ድረስ ይወስዳችኋል። (በሱ ፈንታ አማጺውን እስረኛ ራሎፍን ተከትላችሁ ለማምለጥ የመረጣችሁ አትሳቁ፣ የናንተም ተራ ይደርሳል።) ያኔ ማን አዘዘው? ማንም። እንደኔ ሃድቫር አለቃ አጠገቡ ከሌለ በጣም ጥሩ ሰው ነው፣ አለቃ ካለ ግን ደግነቱ ከይቅርታ አያልፍም።

ከምታመልጡበት ዋሻ ስትወጡ ምን እንደሚል ሰምታችሁታል? በኔ በኩል ምህረት ይገባችኋል፣ ግን የጦሩ አዛዥ ጄነራል ቱሊየስ እስኪያጸድቀው ከሌሎቹ ወታደሮች ራቁ። አሁንም የበላይ ፈቃድ እየጠበቀ ነው! ደሞ የምን ምህረት ነው፣ ስሜ ሊስቱ ላይ አልነበረም እኮ።