«ች» እና «ኩ»

እንዴት ናችሁ። ዛሬም ያው እሷው ናት፤ ጥቁር አሜሪካዊቷ ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት ንቶዛኬ ሻንጌ፣ በግጥም የተሠራው ተውኔቷ «ፎር ከለርድ ገርልስ»ም። ባለፈው ጨርሰናል ብዬ ነበር። አልጨረስንም፤ ያቺ መስኮት አልለቀቀችኝም።

የትኛዋ መስኮት እንደሆነች ታውቃላችሁ፤ የቦ ዊሊ ግጥም ውስጥ ያለችው። አምስተኛ ፎቅ። ቦ ዊሊ ከቬትናም ተመልሷል፤ ሁለቱን ልጆች፣ ናኦሚንና ክዋሜን፣ ከመስኮቱ ውጭ አንጠልጥሏቸዋል። አግቢኝ ይላል። የልጆቹ እናት ክሪስታል እሺ አለች። አልበቃውም፤ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናገሪ አላት። እስከዚህ ድረስ መድረኩ ላይ የምትተርክልን ቀይ የለበሰችው ሴት ናት፤ የምታወራውም ስለ ሌላ ሰው ነው። ክሪስታል እንዲህ አለች፣ እንዲህ አደረገች። ከዚያ በአንድ መስመር «እኔ» ትሆናለች። መስኮቱ ጋ የቆመችው ራሷ ናት። ጩኺ ተብላ ድምፅዋ ከሹክሹክታ አላልፍ አለ። እሱም ልጆቹን ወደ ታች ለቀቃቸው።

ሰዎች የሻንጌን አክቲቪዝም ሲፈልጉ መፈክር ይፈልጋሉ። እኔ የማገኘው እዚህ ሰዋስው ላይ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ እየቆጠርኩ ነው፤ በ1974፣ በአሜሪካኖቹ በጋ፣ ግጥሞቹን ስትጀምር ሰባት ሴቶችን በሰባት ግጥም ለመሳል ነበር ያሰበችው፤ አርአያዋ የአሜሪካዊቷ ገጣሚ የጁዲ ግራን ግጥሞች ነበሩ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ካሊፎርኒያ ውስጥ በርክሌይ አጠገብ ባካናል በሚባል የሴቶች መጠጥ ቤት አምስት ሆነው አቀረቡት። ሶኖማ ስቴት ኮሌጅ የሴቶች ጥናት ታስተምር ነበር። የዚያን ጊዜ የሴቶች ንቅናቄ ዋና ሥራው ምን ነበር? ክብ ሠርቶ መቀመጥ፣ እያንዳንዷ የደረሰባትን በራሷ አፍ መናገር። «አንዲት ሴት ነበረች» ብላ የጀመረችው «እኔ ነኝ» ብላ እስክትጨርስ መጠበቅ። ቀይ የለበሰችው ያደረገችው ይህንኑ ይመስለኛል። መስኮቱ ላይ የተነጠቀችውን ድምፅ መድረኩ ላይ አወጣችው። በ1976 ተውኔቱ ብሮድዌይ፣ የኒውዮርክ ታላላቅ ቲያትሮች ሰፈር፣ ቡዝ ቲያትር ሲገባ፣ ከሎሬይን ሃንስቤሪ የ1959 ተውኔት ወዲህ በጥቁር ሴት ተጽፎ እዚያ የደረሰ ሁለተኛው ነበር። 742 ጊዜ ታየ። 742 ጊዜ ያቺ ሴት «እሷ» ብላ ጀምራ «እኔ» ብላ ጨረሰች።

ግን የተቆጡትም ነበሩ። ጥቁር ወንዶችን አዋረደች ተባለ፤ በ1979 ብላክ ስኮላር መጽሔት ላይ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩ ሮበርት ስቴፕልስ የጻፈው ትልቅ ክርክር አስነሣ። ከዚህ በፊት ቶሎ ብዬ አልፌዋለሁ፤ አሁን ግን... ግጥሙን መልሳችሁ እዩት። መጀመሪያው ላይ ብዙውን ጊዜ የምንቆየው ቦ ዊሊ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ትምህርት ቤት ማንበብ አይችልም ብሎ ደካሞች ክፍል የከተተው፣ ታክሲ ሲነዳ ፖሊስ የሚያስቸግረው ሰው። ጦርነቱን ጽፋለታለች። ይህ ይበቃል ወይ? አንዳንዴ ይበቃል እላለሁ። ልጆቹ ሲወድቁ ደግሞ ምንም አይበቃም።

ወደ አማርኛው ትርጉም። ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ካነበባችሁልኝ ቅጂዎች ውስጥ ሦስት ነገር ይበላሻል። የመጀመሪያው ያዘመመችው ሰረዝ (/)፣ ሻንጌ መስመሯን የምትከፍልባት፣ ናት። እሷ ጋ ትንፋሽ የሚያዝባት ናት፤ ድምፅ አይወድቅባትም። እኛ ግሡ ላይ ስንደርስ አራት ነጥብ እንዳለ ድምፃችንን እንጥላለን፤ የትምህርት ቤት ንባብ ይሆናል። ግሡን ከፍ አድርጋችሁ ያዙት፣ ወደሚቀጥለው አሻግሩት። ሁለተኛው ለቅሶ ነው። ገና ከመጀመሪያው ካለቀሳችሁ «እኔ» ስትመጣ የሚለወጥ ነገር አይኖርም። የጎረቤት ወሬ አድርጋችሁ አንብቡት፣ በጤነኛ ድምፅ። ሦስተኛው፣ እዚያ መስመር ላይ «እኔ» የሚለውን ቃል አትጨምሩ። እንግሊዝኛው ያለሱ አይሆንለትም፤ ሁልጊዜ በትልቅ ፊደል የሚጻፈውን እሷ በትንሽ ጻፈችው፣ ያም ራሱ ተቃውሞ ነበር። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ያ ይቀርብናል። የእኛ ግን ከዚያም ያነሰ ነው፤ «ቆመች» የነበረው «ቆምኩ» ይሆናል። «ች» ወደ «ኩ»። አንዲት ትንሽ ቅጥያ፣ ያውም መጨረሻ ላይ። ስለዚህ ሳትዋጥ ትሰማ።

ያልፈታሁት ይህቺን ነው። እንግሊዝኛው መጀመሪያ እናትየዋን አቁሞ ነው ናኦሚ የምትንጠራራው። አማርኛው ግሡን ወደ ኋላ ስለሚጎትት፣ እንደ ልማዳችን ካልነው «ናኦሚ ወደ እኔ እየተንጠራራች» ይቀድማል፤ «ቆምኩ» በኋላ ይመጣል። ያኔ «እኔ» ያደረገቻት ልጅቷ ትሆናለች። እናትየዋ ራሷ አፏን ከመክፈቷ በፊት። ያ ደግሞ የሻንጌን ነገር ይገለብጠዋል፤ በራስ አፍ መናገር ነበር ነገሩ። ግን ስሰማው... ሆዴን የሚይዘኝ እሱ ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቄ «ቆምኩ» ብዬ ስጀምር ትክክል ነው፣ ደረቅ ነው። ትናንት ይኼኛው ብዬ ነበር። እስቲ አንድ ጊዜ ልድገመው። ናኦሚ ወደ እኔ እየተንጠራራች... አይ። ቆምኩ። መስኮቱ ጋ ቆምኩ፣ ናኦሚ ወደ...