ከአሮጌ በር የወጣ ቤዝ ጊታር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ።

እዚህ ከተቀመጣችሁት አብዛኞቻችሁ ተጫዋቾች ናችሁ። ጥቂቶቻችሁ ደግሞ አናጢዎች ናችሁ፤ ጊታር መሥራት እንደምትፈልጉ ነግራችሁኛል። ለሁለታችሁም የምለው አንድ ነው። እንጨቱን በእጃችሁና በትከሻችሁ ምረጡት። ፒካፑን ግን፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ክፍል፣ በጆሮአችሁ። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ሲያደርገው አያለሁ፤ ገንዘቡም የሚባክነው እዚያ ላይ ነው።

ከክራር ልነሳ። ክራር ላይ ክሩን ስትነኩት ንዝረቱ ወደ ቆዳው ይወርዳል። የምንሰማው ቆዳውንና ሣጥኑን ነው። ቆዳው ከላላ ድምፁ ይሞታል። ኤሌክትሪክ ጊታር እንዲህ አይደለም። ፒካፕ ማለት ማግኔትና በዙሪያው የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ነው። ሽቦው ከፀጉር አይወፍርም። አንድ ተራ ፒካፕ ላይ 8,000 ጊዜ ያህል ይጠመጠማል። የብረት ክሩ በማግኔቱ ላይ ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። አምፑ የሚያጎላው እሱን ነው። ፒካፑ የሚሰማው ክሩን ነው እንጂ እንጨቱን አይደለም።

ሌስ ፖል የሚባለው አሜሪካዊ ጊታሪስት ይህን ያሳየው በ1940ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ እ.ኤ.አ. ማለቴ ነው። አሥር በአሥር ሳንቲሜትር የሚሆን የፓይን አጣና ወሰደ። አንገት፣ ክርና ፒካፕ ገጠመበት። ከዚያ የአንድ ጊታር አካል ለሁለት ሰንጥቆ ግራና ቀኝ ለጠፈበት፣ ጊታር እንዲመስል። ድምፁ የሚመጣው ግን መሃል አጣናው ላይ ካሉት ክርና ፒካፕ ነበር።

ታዲያ እንጨት ምንም አይደለም ማለት ነው? አይደለም። ክሩ ብቻውን አይርገበገብም፤ ሁለት ጫፉ እንጨት ላይ ታስሯል። ቤዝ የምትጫወቱ ይህን በጣታችሁ ታውቁታላችሁ። ቀጭኑ ክር ላይ፣ አምስተኛው ፍሬት (አንገቱን አቋርጦ የተተከለው የብረት መስመር) አካባቢ፣ ድምፁ ቶሎ የሚጠፋበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ የክሩን ጉልበት የሚበላው አንገቱ ነው፤ አብሮት ይርገበገባል። ስለዚህ ከአካሉ ይልቅ ለአንገቱ እጨነቃለሁ። መስመሩ ከጫፍ ጫፍ ቀጥ ያለ፣ ቋጠሮ የሌለው ጣውላ እፈልጋለሁ። ሜፕል የሚባለው የውጭ እንጨት ከተገኘ ደስ ይለኛል።

የጣት ሰሌዳውን ከወይራ ሠርቼው አውቃለሁ። ዱላችን ከምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ፤ ጥንካሬው የሚታማ አይደለም። ቀስ ብሎ ካልደረቀ ግን ይሰነጠቃል።

መድረቅ ካነሳሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። መጀመሪያ የሠራሁት ቤዝ ሙሉ በሙሉ ዋንዛ ነበር። ጣውላውን የሸጠልኝ ሰው «ደርቋል» አለኝ፤ እኔም አመንኩት። የሠራሁት በክረምት ነው። ጥር ላይ፣ ሠርግ በሠርግ ሲሆን፣ አየሩ ደረቀ፣ አንገቱም ተጠማዘዘ። ቤዙን የሚጫወተው ልጅ መድረክ ላይ ቆሞ እያለ ክሩ ፍሬቱን እየነካ ይንጣጣ ጀመር። በማግሥቱ ቤዙን ይዞልኝ ሲመጣ ምንም አልተናገረኝም። ዝም ማለቱ ነው የጎዳኝ።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ጣውላ በየሳምንቱ እመዝናለሁ። ክብደቱንና ቀኑን በእርሳስ እዚያው ጣውላው ላይ እጽፋለሁ። ቁጥሩ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ከዚያ ይቆማል። ካልቆመ መጋዝ አላነሳም። ከሁሉ የምወደው ግን ከፈረሰ ቤት የወጣ በር ነው። ዋንዛ ዛሬ እንደ ልብ የሚቆረጥ ዛፍ አይደለም፣ መሆንም የለበትም። አሮጌ በር ደግሞ ስንት ክረምትና በጋ አይቶ የተረጋጋ ነው። ችግሩ ሚስማር ነው። የሚታየውን ነቅላችሁ ስትጨርሱ፣ ውስጥ ተሰብሮ የቀረ አለ። እኔ ከተበላሸ ፒካፕ ያወጣሁትን ማግኔት በክር አንጠልጥዬ በጣውላው ላይ ቀስ ብዬ አሳልፈዋለሁ። ሚስማሩ ጋ ሲደርስ ማግኔቱ ዘንበል ይላል። እዚያ ላይ በእርሳስ ክብ አደርጋለሁ።

ክብደትንም አትናቁ። ሠርግ ላይ አምስት ሰዓት የሚቆም ሰው አምስት ኪሎ ቤዝ ከተሸከመ ትከሻው ያልቃል። እኔ አራት ኪሎ አካባቢ እንዲሆን እጥራለሁ። በጣም ከቀለለ ደግሞ አንገቱ ይከብድና ወደ መሬት ያዘቀዝቃል። ፌንደር የሚባለው የአሜሪካ ጊታር ሠሪ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1956 ከአሽ እንጨት ወደ አልደር ሲዞር ሰው ሁሉ ለድምፅ ይመስለዋል። አልደር ግን ቀለም ለመቀባት የሚመች፣ በቀላሉ የሚገኝ እንጨት ነበር።

አሁን ወደ ፒካፑ። ባለ አንድ ጥቅል ፒካፕ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ትዝታ ስትጫወቱበት እያንዳንዱ ክር ለብቻው ይሰማል። ነገር ግን እምምም ይላል። የኛ መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ሽቦው እሱንም ይሰበስባል። ኧርዙ (ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ) በደንብ ያልተሠራ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ሴት ላቨር የሚባል የጊብሰን ጊታር ኩባንያ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1955 ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን አደረገ። ማግኔታቸው ተቃራኒ ነው፣ አጠማጠማቸውም ተቃራኒ ነው። ከመብራት የሚመጣው ጩኸት እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ የክሩ ድምፅ ይደመራል። ሃምበከር የምንለው ይህ ነው። ድምፁ ወፍራም ነው፤ የላይኛው ጥራት ግን ትንሽ ይቀንሳል።

ቤዝ ላይ ምርጫው ብዙ ጊዜ ሁለት ነው። አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ፕሪሲዥን በሚባለው የፌንደር ቤዝ ላይ ያለው ለሁለት የተከፈለ ፒካፕ ነው። ሌላው የ1960ው፣ ጃዝ የሚባለው የፌንደር ቤዝ አሠራር ነው፣ ሁለት ፒካፕ ያለው። ለችክችካ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ድምፁ ከከበሮው ጋር አይጣላም፣ መሃሉ ሞላ ያለ ነው። ክሩን እየመታ ለሚጫወት ወይም ብዙ ዓይነት ሙዚቃ ለሚሠራ ግን ጃዙን እሰጠዋለሁ።

ፒካፑ የሚቀመጥበት ቦታም ብዙ ነገር ይለውጣል። ወደ ድልድዩ፣ ክሩ አካሉ ላይ ወደሚያርፍበት ብረት፣ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ስትጠጉ ድምፁ ይሳላል፣ ይቀጥናል። ይህን ለውጥ እንጨት በመቀየር አታገኙትም። ሌላው ከፍታው ነው። ማግኔቱን ከክሩ ጋር በጣም ካስጠጋችሁት ክሩን ይስበዋል፤ የተቃኘው ክር ያልተቃኘ ይመስላችኋል። አዲስ ፒካፕ ከመግዛታችሁ በፊት ጠመንጃ መፍቻ ያዙና ሁለቱን ብሎኖች ሩብ ሩብ ዙር ዝቅ እያደረጋችሁ አድምጡ። «ፒካፑ ሞቷል» ተብለው ከመጡልኝ ጊታሮች ስንቱን በዚህ ብቻ እንደመለስኩ አልቆጠርኩትም።

ከበሩ የሠራሁትን ቤዝ ይዤው መጥቻለሁ። ያ ከጀርባው የምታዩት ክብ የሚስማሩ ቀዳዳ ነው፤ በወይራ ደፍኜዋለሁ። ሁለቱም ዓይነት ፒካፕ አለው። የሚጫወት ይምጣ፤ መጀመሪያ አምፑን ሳንሰካ እናድምጠው።