ሆዱ ደረቅ፣ ልብሱ ረጠብ ያለ፦ ስፌት ከመነሻው እስከ ጠርዙ

[ካሜራው ከላይ፦ መሶብ፣ ሙዳይ፣ ሰፌድ፣ አንድ እስር አክርማ (የስፌት ሣር)፣ ወስፌ (መውጊያው)]

ሰላም ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ ወዳጆች! ዛሬ ስፌት ነው። የጨርቁ አይደለም፣ የሣሩ ስፌት። መሶቡ፣ ሙዳዩ፣ ሰፌዱ የሚወጣበት። የስንደዶን፣ የሌላውን የስፌት ሣር፣ አሰነጣጠቅ ባለፈው ስላየን አልደግመውም። ያላያችሁ እሱን አይታችሁ ተመለሱ፣ እንጠብቃችኋለን።

ከዛሬው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ሆዱ ደረቅ፣ ልብሱ ረጠብ ያለ። እደግመዋለሁ፣ ሆዱ ደረቅ፣ ልብሱ ረጠብ ያለ። ሆድ የምለው በውስጥ የሚሄደውን የአክርማ እስር ነው። ልብስ የምለው ላዩን የሚጠቀለለውን የስንደዶ ስንጣቂ ነው፤ ቀለም ሲነከር አለላ የምንለውን። ሣሩ እንደየአካባቢው ይለያያል፣ የሆድና የልብስ ነገር ግን አይለያይም።

አሁን እንጀራ አስቡ። አዎ፣ እንጀራ! ስፌትን ለማስረዳት ከእንጀራ የተሻለ ነገር አላገኘሁም፣ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

እንጀራ ስትጋግሩ ሊጡን ከየት ትጀምራላችሁ? ከዳር። ከምጣዱ ጠርዝ ትነሱና እየዞራችሁ፣ እየዞራችሁ፣ እየጠበባችሁ መሃል ላይ ትጨርሳላችሁ። ስፌት ደግሞ ከመሃል ይነሳና እየዞረ፣ እየሰፋ ዳር ላይ ያልቃል። መንገዱ ያው ነው፣ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። እንጀራው መሶቡ ላይ ሲዘረጋ ሁለቱ መንገዶች ይገናኛሉ። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ጉዳዩ ግን ደስ ማለቱ ብቻ አይደለም። የጋጋሪዋን እጅ ተመልከቱ። ሊጡ የሚፈስበት ውፍረት ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው አንድ ነው። እጇ ቢፈጥን ይሳሳል፣ ቢዘገይ ይወፍራል። ሁለቱ ዙሮች ካልተነካኩ መሃላቸው ክፍተት ይቀራል። ስፌትም ሦስቱንም ይፈልጋል፦ የሆዱ ውፍረት አንድ፣ የእጁ ፍጥነት አንድ፣ ዙር ከዙር የተነካካ። ጋጋሪ የሆነ ሰው ስፌት ሲጀምር እጁ ዙሩን ቀድሞ ያውቀዋል።

አንድ ልዩነት ግን አለ፣ እሱም ከባድ ነው። እንጀራ ላይ ክፍተት ቢቀር ጠብ ታደርጉበታላችሁ፣ ይደፈናል። ስፌት ላይ ጠብ የሚደረግ ነገር የለም። አምስተኛው ዙር ላይ የተበላሸ አርባኛው ዙር ላይም ይታያል። ስለዚህ መሃሉ ካላማራችሁ ፍቱት። ሦስት ጊዜም ቢሆን ፍቱት።

እሺ፣ ወደ ሥራው። ይህችን በፍጥነት ነው የምሄደው፣ አብዛኞቻችሁ ወስፌ ይዛችሁ ታውቃላችሁ።

[እጅ በቅርብ ይታያል]

አራት ወይም አምስት ዘለላ አክርማ ያዙ፤ ክብሪት እንጨት ያህል ቢወፍር ይበቃል። ጫፉን በስንጣቂ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥብቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉ። ከዚያ እንደ ቀንድ አውጣ ጠምዝዙትና በመሃሉ ወስፌ አስገቡ፣ ስንጣቂውን አሳልፉ፣ ሳቡ። ያ መነሻችሁ ነው። መነሻው ላይ የጤፍ ፍሬ ያህል ቀዳዳ እንኳ መቅረት የለበትም።

ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ አክርማ አንድ አንድ ዘለላ እየጨመራችሁ ሆዱን ወደ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት አድርሱት። አንድ ላይ አምስት ዘለላ ከጨመራችሁ እብጠት ይወጣል፣ በኋላ አይጠፋም። አዲሱን ዘለላ ከእስሩ መሃል ሻጡት፣ ከዳሩ ከገባ ጫፉ በስፌቱ መሃል ብቅ ይላል። ውፍረቱ እንዳይለዋወጥ ደግሞ ከስክሪብቶ ቀፎ 1 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ አክርማውን በውስጡ አሳልፉት። ቀፎው ውስጥ ሲላላ ዘለላ ጨምሩ፣ ሲጠብቅ አትጨምሩ። መለኪያችሁ እሱ ነው።

ወስፌው የሚገባው የት ነው? ከበታች ያለው ዙር አናት ላይ ነው፣ ከሆዱ ሲሶውን ይዞ። ልብሱን ብቻ ከያዛችሁ ሲሳብ ስንጣቂው ይበጠሳል። በጣም ወደ ታች ከገባችሁ ደግሞ የታችኛውን ስፌት ትሰነጥቁታላችሁ። ሲሶ። አስገቡ፣ አሳልፉ፣ ወደራሳችሁ ሳቡ፣ በአውራ ጣት ጫን። አስገቡ፣ አሳልፉ፣ ሳቡ፣ ጫን። ወስፌው አልንሸራተት ካለ ጫፉን ሰም አስነኩት።

ስንጣቂ ሲያልቅ ጭራውን ከሆዱ ጋር አስተኙት፣ የአዲሱን ጫፍም 3 ሳንቲ ሜትር ያህል እዚያው አስተኙና በላያቸው ስፉ። ቋጠሮ የለም። በቋጠሮ የተሰፋ ሙዳይ በጣት ሲዳሰስ ይጎረብጣል።

ይህን ያህል ነው። ከዚህ በኋላ ያለው መደጋገም ነው።

አሁን ግን አንድ ነገር ላይ መቆም አለብኝ፣ ምክንያቱም በየቪዲዮው ሥር ይመጣል። «ሁሉንም ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድሩት፣ ይለሰልሳል፣ ለእጅ ይመቻል» የሚል። አንዱ ይጽፈዋል፣ ሌላው ይደግመዋል፣ ሦስተኛው ሞክሮ የላላ ሰፌድ ፎቶ ይልክልኛል። ወዳጆቼ፣ አታሳድሩት!

ምክንያቱን እንየው። ሣር ውሃ ሲጠጣ ወደ ጎን ይወፍራል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይቀጥናል። ርዝመቱ ብዙም አይለወጥም፣ ውፍረቱ ነው የሚለዋወጠው። ስለዚህ ሆዱን አርሳችሁ ከሰፋችሁት በሰፋችሁበት ቀን በጣም ያምራል፣ ጥብቅ ይላል፣ ትደሰታላችሁ። በሳምንቱ አክርማው ይደርቅና ይቀጥናል። ልብሱ ግን ለወፍራሙ ሆድ የተሰፋ ነው። ከሰውየው የሰፋ ካፖርት ይሆናል፦ ስፌቱ ይንሸራተታል፣ ዙሩ ይላላል፣ ሰፌዱን በአንድ እጅ ስታነሡት ይታጠፋል። ሌላም አለ፦ እርጥብ ሆድ በጥብቅ ልብስ ተሸፍኖ ከውስጥ አይደርቅም፣ ይሻግታል። ከላይ ንጹሕ ሆኖ የሚሸት መሶብ ካጋጠማችሁ በአብዛኛው ምክንያቱ ይኸው ነው። እንጀራ የሚቀመጥበት ዕቃ ነው እኮ!

ልብሱስ? ልብሱ መርጠብ አለበት፣ ደረቅ ስንጣቂ ሲታጠፍ ይሰበራላ። ግን ረጠብ ማለት መንፈር ማለት አይደለም። ስንጣቂውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ 2 ወይም 3 ደቂቃ ነክራችሁ አውጡ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሩብ ሰዓት ተዉት። ከዚያ በጣታችሁ ላይ ጠምጥሙት። ካልተሰነጠቀ ደርሷል። ስትጨምቁት ውሃ ካንጠባጠበ በዝቶበታል፣ ትንሽ ይጠፍጠፍ። ብዙ የነፈረ ስንጣቂ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይጠባል፣ በስፌትና በስፌት መሃልም አክርማው ብቅ ይላል። በአንድ ጊዜ ከ20 ወይም ከ30 በላይ አትንከሩ። የተረፈውን በማግስቱ እንደገና ብትነክሩት ቀለሙ ይወይባል፣ ስንጣቂውም ይሳሳል።

ሆዱ ደረቅ፣ ልብሱ ረጠብ ያለ። ለዚህ ነው ስደጋግመው የነበረው።

ከአሜሪካም፣ ከእስራኤልም፣ ከአረብ አገርም ሆናችሁ «እኛ ጋ ስንደዶ የለም» የምትሉ፣ ራፊያ፣ ከዘንባባ ዓይነት ዛፍ ቅጠል የሚወጣው ክር፣ ለልብስ ይሆናችኋል። ለሆድ የስንዴ ገለባ ወይም ቀጭን የሣር ገመድ ያዙ። ራፊያ ለስላሳ ስለሆነ ራሱን ችሎ አይገባም፣ ዓይን ያለው ወፍራም መርፌ ያስፈልጋችኋል። ሕጉ አልተለወጠም፣ ገለባውን እንዳታርሱት።

አሁን ሒሳብ። አትሽሹ፣ ሁለት ደቂቃ ነው።

ሆዱ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ አዲስ ዙር ከበፊቱ በ3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። በ1 ሳንቲ ሜትር 5 ስፌት ከሰፋችሁ አዲሱ ዙር ከቀደመው 16 ስፌት ያህል ይበልጣል። የሚገርመው፣ ሦስተኛው ዙርም ላይ 16፣ ሠላሳኛውም ላይ 16 ነው። አይጨምርም፣ አይቀንስም። ጥለት ለምትሠሩ ይህ ወርቅ ነው! መሃሉን በክር ምልክት 8 ቦታ ክፈሉት፣ በየዙሩ ለየክፍሉ 2 ስፌት ይደርሰዋል። የአለላው ማዕዘን ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ አይዛነፍም። ቀለም ስትቀይሩ የምታሳርፉትን ስንጣቂ አትቁረጡት፣ ከሆዱ ጋር ይጓዝ፣ ተራው ሲደርስ ብቅ ይበል።

ዙሩ እየሄደ ከዳሩ ተነሥቶ ሳህን ሳህን ካለ፣ አክርማውን በጣም ስባችኋል፣ ዙሩ አጥሯል። እንጀራ ሲደርቅ ጠርዙ እንደሚነሣው። እንደ ቀሚስ ጫፍ ከተወዛወዘ ደግሞ አክርማው ላልቷል፣ ዙሩ ረዝሟል። ሁለቱም በሙቅ ካውያ አይስተካከልም። ያበላሸው ዙር ድረስ ፍቱ። ሳህን እንዲሆን ከፈለጋችሁ ግን ዙሩን በጎን ሳይሆን በቀደመው አናት ላይ አስቀምጡት፤ ግድግዳ የሚነሣው እንዲያ ነው።

ለጀማሪ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ሰፌድ ነው የምመክረው። 20 ዙር ነው፣ ሲዘረጋ 6 ሜትር ከ30 ገደማ፣ ስፌቱ ከ3,100 ይበልጣል። 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስንጣቂ 17 ስፌት ያህል ያስኬዳል፣ ስለዚህ ወደ 185 ስንጣቂ ይፈጃል። የሚሰበር ስላለ 220 አዘጋጁ። አሁን ስፋቱን እጥፍ አድርጉት፣ 40 ሳንቲ ሜትር። ሥራው እጥፍ የሚሆን ይመስላችኋል? አራት እጥፍ ነው። 25 ሜትር፣ ከ12,500 በላይ ስፌት። አንዱ ስፌት 10 ሰከንድ ቢወስድ፣ እሱም ለለመደ እጅ ነው፣ 35 ሰዓት ይሄዳል። ነቀላው፣ ማድረቁ፣ መሰንጠቁ፣ መንከሩ ሳይቆጠር። ገበያ ስትወጡ፣ ጎንደርም ይሁን ሐረር፣ ሴትዮዋ ዋጋ ስትጠራ ይህችን ቁጥር አስታውሱ። እኔ በስፌት ላይ መከራከር ልክ ነው ብዬ አላምንም። በሐረሪ ቤት ግድግዳው ላይ ተሰልፈው የሚታዩት ስፌቶች እያንዳንዳቸው የስንት ቀን እጅ እንደሆኑ ቆማችሁ ቁጠሩ።

እግረ መንገዴን፣ «ይህ ሽመና አይደለም ወይ?» ለምትሉ፦ አይደለም። ሽመና ድርና ማግ አለው፣ አንዱ በሌላው ላይና ታች ያልፋል። የቀርከሃ ቅርጫት እንዲያ ነው፣ የዶርዜ ቤት ግድግዳም እንዲያ ነው። የእኛ በወስፌ ተወግቶ የሚሰፋ ነው፣ ስሙም ስፌት የሆነው ለዚህ ነው።

ማጠናቀቂያው። የመጨረሻው ዙር ሊያልቅ 10 ሳንቲ ሜትር ሲቀረው ማቅጠን ጀምሩ፣ አክርማውን አንድ አንድ ዘለላ እየቀነሳችሁ፣ ጠርዙ ያለ ደረጃ እንዲያልቅ። ስንጣቂውን ሦስት ስፌት ወደ ኋላ መልሳችሁ አስገቡና ከሥሩ ቁረጡ። አለላ ካለበት በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እሹት፤ ቀለም ጨርቁ ላይ ከወጣ እንጀራ አታስቀምጡበት። እኔ እንዲያውም እንጀራ የሚያርፍበትን መሃል ጨርሶ ቀለም ባይነካው እመርጣለሁ።

ከዚያ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ 3 ቀን በጎኑ አቁሙት። ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ አለላው ይነጣል። ሲቆሽሽም ውሃ ውስጥ አይገባም፣ በረጠበ ጨርቅ ይወለወላል።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ የጀመራችሁትን መሃል ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ። በሚቀጥለው የመሶብ እግርና ክዳን ነው፤ እስከዚያ 220 ስንጣቂ ሰንጥቃችሁ ጠብቁኝ።