ሄርትዝ ለምን አልሆነለትም?

የተከበራችሁ የፊዚክስ መምህራን፣ እንኳን ወደ ደብረ ማርቆስ በደህና መጣችሁ።

ስለ ኤሌክትሮን ተናገር ተብዬ ነው የቆምኩት። «ኤሌክትሮንን ማን አገኘው?» ስንል ተማሪው «ቶምሰን፣ በ1897 እ.ኤ.አ.» ይላል፤ ሙሉ ነጥብ እንሰጠዋለን። «እንዴት አወቀ?» ስንለው ግን ዝም። ለዚያ ዝምታ ተጠያቂዎቹ እኛ ነን!

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሄርትዝ በ1883 የካቶድ ጨረርን፣ አየሩ በወጣለት የመስታወት ቱቦ ውስጥ ከኔጋቲቩ ጫፍ የሚወጣውን ጨረር፣ በሁለት የብረት ዝርጎች መካከል አሳለፈና ዝርጎቹን ከባትሪ ጋር አገናኘ። ጨረሩ ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ቻርጅ የለውም ብሎ ደመደመ። ምን አሳሳተው? ቱቦው ውስጥ ጋዝ ተርፎ ነበር። ጨረሩ ጋዙን እየመታ አዮን፣ ማለትም ቻርጅ ያለው ቅንጣት፣ ያደርገዋል፤ አዮኖቹ ዝርጎቹ ዘንድ ይከማቹና የኤሌክትሪክ መስኩን ይጋርዱታል። ቶምሰንም ሙከራውን ሲደግመው መጀመሪያ ያው ገጠመው። እሱ ግን ጋዙን አብዝቶ አስወጣ። ያኔ ጨረሩ ወደ ፖዘቲቩ ዝርግ ታጠፈ፤ በ2 ቮልት እንኳ መታጠፉ ይታይ ነበር። ይህን ሳንነግረው ተማሪው ምን ተማረ ልንል ነው?

አውድማ ላይ ያደገ የጎጃም ልጅ ቀሪውን ለመረዳት አይቸገርም። ምርቱ በመንሽ ሲበተን ነፋስ እብቁን ይወስደዋል፣ ፍሬው እዚያው ይወድቃል፤ የቀለለው አብዝቶ ይገፋል። ቶምሰንም ጨረሩ በኤሌክትሪክና በማግኔት ምን ያህል እንደሚታጠፍ ለክቶ የቻርጁን ከክብደቱ ጋር ያለውን ንጽጽር አገኘ። ከሃይድሮጅን አዮን ከሺህ ጊዜ በላይ ሆነበት። ጋዙን ለወጠ፤ ካቶዱን ከአልሙኒየም ወደ ፕላቲነም ለወጠ፤ ውጤቱ ያው። እንግዲህ የጨረሩ ቅንጣት፣ ማለትም ኤሌክትሮን፣ በሁሉም ቁስ ውስጥ አለ ማለት ነው። ዛሬ ክብደቱ የፕሮቶን 1/1836 መሆኑን እናውቃለን። ቻርጁን አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሚሊካን በዘይት ጠብታ ለካው፤ 1.602×10⁻¹⁹ ኩሎም ነው። የቶምሰን ልጅ ደግሞ በ1927 ኤሌክትሮን እንደ ሞገድ ሲበተን አሳየ።

መሣሪያ የለንም አትበሉኝ። ጥገና ቤት የተጣለ፣ ጀርባው ያበጠ የድሮ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን የሚበራ ከሆነ ይበቃል። ማግኔት ወደ መስታወቱ አስጠጉ፤ ምስሉ ይጣመማል፤ የታጠፈው የኤሌክትሮን ጨረር ነው። በከለሩ አትሞክሩት፤ ከመስታወቱ ኋላ ያለው የብረት ወንፊት ማግኔት ይይዝና ቀለሙ ይበላሻል። ክዳኑንም አትክፈቱ፤ ቱቦው ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በሺህ የሚቆጠር ቮልት ሊይዝ ይችላል።

በሚቀጥለው ፈተና ዓመተ ምሕረቱን ተዉትና «ሄርትዝ ለምን አልሆነለትም?» ብላችሁ ጠይቁልኝ።

አመሰግናለሁ።