ጋቢያቸውን ማን ወሰደው?

እሺ... ይቀዳል? ይቀዳል። ድመቷ ዛሬም በሩ ላይ ናት። ከጮኸች እንግዲህ ታውቋታላችሁ።

የማክሰኞው ነገር አልወጣልኝም። አራት ኪሎ፣ ያቺው ጀበና ቡና። ጋሼ አጠገቤ ናቸው። አዎ፣ ባለ አራት ስኳሩ። እኔ ስልኬ ላይ ስለ ኤንጂሲ 6791 አነባለሁ። "ምን አገኘህ ደግሞ?" አሉኝ። እኔ ደግሞ ከተጠየቅኩ መች እመለሳለሁ!

የኮከቦች ዘለላ ነው፣ ላይራ ከሚባሉት ከዋክብት በኩል። ዕድሜው 8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ። ፀሐያችን 4.6 ናት፤ ልጁ በሏት። ብረት የሚሠራው ቀድመው በኖሩና በሞቱ ኮከቦች ውስጥ ነው። ስለዚህ ካረጀ ብረቱ ትንሽ ይሆናል ትላላችሁ። እሱ ግን ከፀሐይ እጥፍ በላይ አለው። ሽማግሌ ሆኖ ሀብታም። አራት ኪሎ ላይ እንደዚህ ያለ አላየሁም... ተዉት።

እንዲህ ያለ ዘለላ ቀላ ማለት ነበረበት። መሃሉ ግን ጥቂት ሰማያዊ ኮከቦች አሉ። ከ20,000 ዲግሪ በላይ የሚግሉ! የፀሐይ ገጽ እኮ 5,500 ቢሆን ነው። ወጣት እንዳይመስሏችሁ። አብጠው፣ ቀልተው፣ ግዙፍ ሆነው ያለፉ ናቸው። የሃይድሮጅን ልብሳቸው ሄዶ፣ ሂሊየም የሚያነደው ውስጣቸው ነው የቀረው።

"ጋቢያቸውን ማን ወሰደው?" አሉ ጋሼ።

ሁለት መልስ አለ። ወይ ኮከቡ ራሱ በነፋሱ አራግፎታል። ወይ አብሮት የሚዞር ጓደኛ ገፎታል። እዚያ ቢ4 የሚሏት አለች፤ እሷና ጓደኛዋ 10 ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ይዞራሉ። እኔ እየሳቅኩ፣ "ጓደኛ ነው ጋሼ! ቀርቦ ይገፋል!" አልኩ።

አልሳቁም። ስኒውን አዞሩት። "ራሱ አውልቆ ደርቦለት ይሆናላ" አሉ። ሁለተኛው እስኪቀዳ ዝም። ከዚያ ዣንጥላቸውን አንስተው ወጡ። ሁለተኛውን ሳይጠጡ።

ቤቱን ለምን እንደሸጡ ረስቼ ነው እንዴ? አልረሳሁም። እትዬ ሆስፒታል ሳሉ እኔው አይደለሁ ምሳ የማደርሰው? አፌ ነው የቀደመኝ። ወይም... አላውቅም። ምናልባት እሳቸው ስለ ኮከብ ብቻ ነው ያወሩት። እኔ ነኝ የማጋንነው።

ማታ ደግሞ ገባሁና አነበብኩ። መጥፎ ልማድ። እንደ ቢ4 ተጠጋግተው የሚዞሩት ላይ፣ የዚያ የሃይድሮጅን ልብስ ጋዝ ሁለቱንም ይውጣቸዋል ይላሉ። እነሱ ውስጡ እየዞሩ ይቀራረባሉ፤ ጋዙም ወደ ውጭ ይበተናል። ጓደኛውም ብዙ አያገኝም። ማለት... ማንም አልለበሰውም። ይኼን ለጋሼ ልነግር ነው? ልክ ነው እኮ፣ ፊዚክሱ ልክ ነው፣ ግን—

ረቡዕ አልመጡም። ትናንትም። ቡና የምታፈላው ልጅ "ጉንፋን ይሆናል" አለች። ይሆናል። ነገ ብቅ እላለሁ፣ ዳቦ ነገር ይዤ... ስኳር ልውሰድ ይሆን? ስኳር ቀልድ ይመስልባቸዋል። ይኸው፣ ጀመረች ድመቷ። መጣሁ፣ መጣሁ...